ለመቀመጫ ያልሆኑ ወንበሮች

ዓለምሰገድ ወሎ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከወንበሮቹ ጋር ይኖር ነበር። ከማን ጋር ትኖራለህ ሲሉት "ብቻዬን" ይል ነበር እንጂ ወንበሮቹን አይቆጥርም። ጎረቤቱ ግን ይቆጥርለት ነበር።

መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበር። ንጉሡ ወርደው ለውጡ በመጣ ሰሞን፣ ፈረንጆቹ እየተጣደፉ አገር ሲለቁ፣ ዓለምሰገድ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጭነቱ ከልክ አለፈበትና ወንበሩን እዚያው ጥሎ ሊሄድ ሆነ። ጀርባው በቀጫጭን ዘንግ የተሠራ፣ ከእግሮቹ ሥር ጎባጣ እንጨት ያለውና የሚወዛወዝ ወንበር ነው። ሽማግሌው ጥቂት እንደሄደ ተመልሶ መጣና ወንበሩን ገለበጠው።

"እጅህን እዚህ አስገባ" አለው።

ዓለምሰገድ የመቀመጫውን ሥር ዳሰሰ። እንጨቱ ወጣ ገባ ነው፤ በማሽን ሳይሆን በእጅ የተላገ።

"ይህን የሠራው ሰው የተወለደው አገሬ አገር ሳትሆን ነው" አለ ሽማግሌው። አውሮፕላኑ ሄደ፤ ወንበሩ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዓለምሰገድ ዕረፍት አጣ። ሻንጣ ከሚሸክፉ የኤምባሲ ሰዎች፣ ካረጁ ጣሊያኖች፣ ከምናለሽ ተራ አሮጌ ሻጮች እየለቀመ ቤቱን ሞላው። የእንግሊዝ የቁም ሰዓት፣ ሰማያዊ ሥዕል ያለባቸው የሆላንድ ሳህኖች፣ የፈረንሳይ ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቀመጫቸው በሳር የተጎነጎነ ስድስት የእንግሊዝ ወንበሮች። ዕቃ ሲገዛ ፊቱን አያይም። መሳቢያውን ስቦ ያወጣና ማዕዘኑን ይመረምራል፤ የመጋጠሚያው ጥርሶች እኩል ከሆኑ የማሽን ሥራ ነው፣ ጥሎት ይሄዳል። ሰው ሁሉ ከፊት የሚያየውን እሱ ከኋላና ከሥር ነበር የሚያየው።

ፀሐይ ቀለም ስለሚበላ መጋረጃው አይከፈትም። ደረቅ ሙቀት እንጨት ስለሚሰነጥቅ ሳሎን ውስጥ ከሰል አይገባም። እንግዳማ ከፀሐይም ከከሰልም ይብሳል። እሱ ራሱ ምሳውን የሚበላው ጓዳ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ የሆላንድ ሳህኖች ይንቀጠቀጣሉ፤ ያን ጊዜ ጉርሻውን ትቶ ይሮጥና በሁለት እጁ ይይዛቸዋል።

በዚያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሰው ብትኖር እህቱ ሙሉ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሷ ሌላ የሥጋ ዘመድ ብሎ የሚጠራው ልጇን ብቻ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ትመጣለች። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ሳትጠየቅ የአሜሪካው ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲወስዳት ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

"ኧረ ይኼስ ሰካራም ነው!"

"ቀስ በይ፣ እታለም። ሁለት መቶ ዓመቱ ነው።"

"ታዲያ በዚህ ዕድሜው ምን ያወዛውዘዋል?"

ከዚያ ተነሥታ ወደ ሳር ወንበሮቹ ስትሄድ ክንዷን ያዛት። "እዚያ ላይ አይሆንም። ሳሩ ይበጠሳል።"

ሙሉ ስድስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው። "አንተ ልጅ፣ ሰው በማይገባበት ቤት ይኼ ሁሉ መቀመጫ ለማን ነው? ለሰይጣን ነው?"

ዘንድሮም ለፋሲካ እንደምትመጣ በመንገደኛ ልካለች። ዓለምሰገድ ሰካራሙን ወንበር በሰም ወልውሎ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

በጾሙ አጋማሽ ለሜሳ ሞተ። ለሜሳ ከአጥሩ ማዶ የሚኖር፣ ዛሬ አውሮፕላን የሚንደረደርበትን መሬት በወጣትነቱ ያረሰ ሽማግሌ ነው። የእድሩን አግዳሚዎች በዚያ ሰሞን ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ወስዷቸው ነበር። ስለዚህ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ባይሳ፣ ጋራዥ ያለውን ገረመውን አስከትለው የዓለምሰገድን በር አንኳኩ።

"አቶ ዓለምሰገድ፣ እንግዲህ ሳይሰሙ አይቀሩም።"

"ሰምቻለሁ። አሁን ልመጣ ነበር።"

"መምጣቱንስ ይመጣሉ። የፈለግነው ወንበር ነው። የለሜሳ ዘመዶች፣ ሽማግሌዎች ከሰንዳፋ መጥተው መሬት ላይ ናቸው። አግዳሚዎቻችን ትምህርት ገብተዋል።"

"እስኪመረቁ አንጠብቅም ብለን ነው" አለ ገረመው። በለቅሶም አፉ አያርፍም።

ዓለምሰገድ በሩን በገላው ጋረደ። "እነዚህ ለመቀመጫ አይደሉም።"

"ወንበሮች አይደሉም እንዴ?" አሉ ጋሽ ባይሳ።

"ናቸው። ግን አሮጌ ናቸው፤ ሳሩ ይበጠሳል።"

"አሮጌ ከሆኑ ምን ያሳሳል?" አለ ገረመው። "ለአሮጌ ሰው አሮጌ ወንበር።"

"አይሆንም፣ ጋሽ ባይሳ። ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።"

"ሌላስ አልጎደለንም" አሉ ሽማግሌው፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሄዱ።

ዓለምሰገድ ለቅሶ ደረሰ። የለሜሳ ሚስት ፋናዬ እንደ ማንም ሰው ተቀበለችው። ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲያመነታ ገረመው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና "አይስጉ፣ ይኼ አይበጠስም" አለው። የሳቀ የለም፤ የተቆጣም የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ሰላምታ አልነፈገውም፤ የሰጠው ግን ሰላምታ ብቻ ነው።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ፣ ሰዓት እላፊው አብቅቶ ገና ሲነጋጋ፣ የውጭው በር ተንኳኳ። ዓለምሰገድ በመጋረጃው ስንጥቅ አየ። ጋሽ ባይሳ፣ ገረመው፣ ጥቁር የለበሰች ፋናዬ፣ ከኋላቸውም ሌሎች ነጠላና ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። ደሙ ፈላ። ደግሞ አንዱ ሞተ፤ ደግሞ ለወንበር መጡ። አሁን ደግሞ ሊያሳፍሩት ሰፈሩን አስከትለው።

ከተዘጋው በር ኋላ ሄዶ ቆመ። "ማን ነው?"

"እኛ ነን፣ ይክፈቱልን" አሉ ጋሽ ባይሳ።

"ምን ፈልጋችሁ?"

"ገባ ብለን ብንነጋገር ይሻላል።"

"ሰው ሞቷል?"

መልስ የሰጠ የለም። ዓለምሰገድ ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠረው።

"እንግዲያው ነፍስ ይማር። ለቅሶው እመጣለሁ፤ ወንበር ግን አላወጣም! ለሙት ይህን ነፈገ ትሉኝ ይሆናል። ሙት እንደሆነ አይቀመጥ! የሞተ ሰው የኔን ወንበር ምን ያደርግለታል?"

ከበሩ ማዶ አንዲት ሴት ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማው። ገረመው የሚመልስ መስሎት ጠበቀ። ገረመው ዝም አለ። መርዶ በአጥር ላይ አይነገርም፤ ስለዚህ ሁሉም እዚያው ቆመው ቀሩ።

በመጨረሻ ፋናዬ ተናገረች። "ወንድሜ፣ ወንበርዎን አልፈለግንም። በሩን ብቻ ይክፈቱ።"

መቀርቀሪያውን ያዘ። ወንበር ለመዋስ ጎህ ሲቀድ የሚመጣ የለም። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንዲህ ተከናንቦ፣ ከሰው ኋላ ቆሞ፣ መርዶውን ገና ያልሰማ ሰው በር እስኪከፍት ጠብቋል። ከፈተ። ሴቶቹ ሰሌን ጠቅልለው ይዘዋል፤ ገረመው ትከሻው ላይ ጣውላ ተሸክሟል። መቀመጫቸውን ይዘው ነው የመጡት።

"እታለም ናት?" አለ።

"መጀመሪያ ይቀመጡ" አሉ ጋሽ ባይሳ። ስልክ ያለው በእሳቸው ቤት ነው፤ የሙሉ ልጅ እናቱን ቀብሮ ትናንት ማታ የደወለው ለእሳቸው ነበር።

ዓለምሰገድ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ስለ ሙት የተናገረው ሁሉ ገና ጆሮው ውስጥ ነበር።

ረፋድ ላይ ግቢው ሞላ። ገረመው ከጋራዡ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ጣውላውን በላያቸው ዘረጋ። ዓለምሰገድ ድንገት ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና መጋረጃውን ገለጠ። የሳር ወንበሮቹን ሁለት ሁለቱን እያነሣ አወጣቸው፤ ሰካራሙንም አወጣው። ፀሐይ ላይ ደረደራቸው።

"ተቀመጡ" አለ። "ተቀመጡ እንጂ!"

"ተመችቶናል" አሉት።

"ጋሽ ባይሳ፣ እርስዎ እንኳ።"

"ይተዉት፣ ለእኛ ጣውላው ይበቃናል።" ቅያሜ አልነበረበትም፤ ቅያሜ ቢሆን ይቀለው ነበር።

ማግስቱን የሙሉ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደረሰ። መንገድ ያደከመው ወጣት ነው፤ ያገኘው የሳር ወንበር ላይ ሊያርፍ ጎንበስ ሲል ጋሽ ባይሳ በፍጥነት ክርኑን ያዙት።

"እዚህ ከኛ ጋር ና፣ ልጄ። እሱ አይቀመጡበትም። የአጎትህ አደራ ነው።"

ቃሉ የዓለምሰገድ የራሱ ነበር፤ እነሱ አክብረው ጠበቁለት እንጂ ሌላ አላደረጉም።

በሦስተኛው ቀን ሰልስት ተደረገ፤ የእህቱም ልጅ ወደ አገሩ ተሳፈረ። ሴቶቹ ሰሌናቸውን ጠቀለሉ። ገረመው ጣውላውን ተሸከመና፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከግቢ እያንከባለለ አወጣ። በመጨረሻው ጎማ በሩ ላይ ቆም አለ።

"የሚጎድል ነገር ካለ በአጥሩ ይጥሩኝ" አለ። ቀልድ ሊጨምር ይመስል ነበር፤ ተወው።

በሩ ተዘጋ። ወንበሮቹ ዝናብ እንዳልመታቸው፣ ሰው እንዳልነካቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ስትበላቸው ውላለች። ዓለምሰገድ ወደ አንዱ የሳር ወንበር ሄደ። ቀስ ብሎ ሳይሆን፣ ሙሉ እንደምታደርገው ዘፍ ብሎ ተቀመጠበትና እስኪበጠስ ጠበቀ።

አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ቤት ውስጥ ሳህኖቹ ተንቀጠቀጡ። እሱ አልተነሣም።

ሳሩ ሲጢጥ አለ እንጂ አልተበጠሰም። ሰው ችሎ የሚይዝ፣ ጠንካራ ወንበር ነበር።