ለክላይቭ መቃብር የፈለግኳት ቃል

ባሌ ክላይቭ የላቲን አስተማሪ ነበር። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጥ ነበር። ሲያገባኝ እህቱ ሮዌና «ከሷ ጋር ምን ልታወራ ነው?» ብላዋለች። ሃያ ምናምን ዓመት አወራን።

ጠዋት ጠዋት ቶስቱን ቅቤ እየቀባ፣ ሰው የረሳውን አንድ የድሮ እንግሊዝኛ ቃል ያመጣልኛል።

«ጄንታኩላር! የቁርስ የሆነ ነገር ማለት ነው። ሮማውያን ቁርስን 'የንታኩሉም' ነበር የሚሉት።»

«ታዲያ ብላው፣ ቀዘቀዘ» እለዋለሁ። ይስቃል።

አንዷን ቃል ግን ለራሱ አስቀርቷት ነበር፤ አክሶሪየስ። በላቲን ሚስት ኡክሶር ናት፤ ቃሏም ሚስቱን ያለልክ የሚወድ ማለት ናት። ባልደረቦቹ «ና እንጂ፣ አንድ ቢራ» ሲሉት «አልችልም፣ አክሶሪየስ ነኝ» ብሎ ኮቱን ያነሳል። የስፖርት አስተማሪው በሽታ መስሎት «እግዜር ይማርህ» ብሎታል አሉ።

መጋቢት ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተብኝ።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የመቃብር ጽሑፍ ቄሱ ካልፈቀደ ድንጋይ ጠራቢው አይቀርጸውም። ቄስ ሃምፍሪ «አክሶሪየስ» ተብሎ ይጻፍ ስለው አንገቱን አከከ።

«ወይዘሮ ቤሪል፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው። ከልክ ያለፈ ማለት ነው።»

«ልኩን ማን ለካው?»

«'የተወደደ ባል' እንበል፤ እንደ ሌሎቹ።»

«አይሆንም» ብዬ ወጣሁ።

መቃብሩ ያለ ድንጋይ ከረመ። ሮዌና ደጄ ድረስ መጣች።

«አንቺ ግትር! ለአንዲት ቃል ብለሽ ወንድሜን ስም አልባ አስቀረሽው! 'የተወደደ' ቢባል ምን ይጎድልሻል?»

«'የተወደደ'ማ እኔ እንደወደድኩት ነው የሚናገረው። የኔንማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ እኔን፣ ድንች ላጯን፣ መውደዱን ማን ይመሰክርልኛል?»

ፊቷን አዙራ ሄደች። እሷም አልመሰከረችልኝም።

በበጋ አበባ ይዤ ስሄድ ሣር አጫጁ ማሽኑን በክላይቭ ላይ እየነዳ አገኘሁት። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ሰው ያለበት አልመሰለኝም» አለኝ። የዚያን ቀን ተሸነፍኩ።

ስሙን ብቻ አስጻፍኩ። «የተወደደ»ንም አልፈለግኩም። ከሊንከን ከተማ የመጣው ድንጋይ ጠራቢ እንደ ወጉ «ከስር ለርስዎ ስም ቦታ ልተው?» አለኝ።

«ተው» አልኩት።

የተወልኝ ቦታ ሰፊ ነው። ለያቺ ቃል ይበቃ ነበር።