የእናቴ ወንበርና ደጋሚዋ ቺፕ

አለቃችንን «ይቀየር» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ምንም ነገር ቢበላሽ መልሱ አንድ ነው፤ ይቀየር። የሆስፒታላችን ብቸኛ የራጅ ማሽን ወደ ሰፊው ክፍል ተዛውሮ ምስሉ ሁሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሲሆንም ይህንኑ አለ። እስኪቀየር ግን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሁሉ የአራት ሰዓት መንገድ በአውቶብስ ሊንገላታ ነው። እኔ የጥገና ባለሙያዋ ተናደድኩና በሠራተኛው ሁሉ ፊት «እስከ ሰኞ ስጡኝ፤ ካልሠራሁት እኔው ገፍቼ መጋዘን አስገባዋለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ እንጂ መፍትሔውን ገና አላወቅኩም ነበር።

ችግሩ ገመዱ ነው። ምስሉ ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ የሚጓዘው እርስ በርስ በተጠማዘዙ ጥንድ ሽቦዎች ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ተቀባዩም ልዩነታቸውን ብቻ ያነባል። ከውጭ የሚገባ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱን አያበላሸውም። ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሦስት ሜትር የነበረው ገመድ አሥራ ሁለት ሆኗል፤ እንዲህ የሚፈጥን ምልክት ደግሞ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ የደከመውን ተቀብላ አጠንክራ የምታሳልፍ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ደጋሚ ቺፕ አስመጣሁ። ሰሌዳ ላይ በይጄ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገባኋት። ኮምፒውተሩ አጠገብ ሶኬት ስላለ እዚያው፣ የገመዱ መጨረሻ ላይ ሰካኋት። ምስሉ ባሰበት። ጉልበቷን ብጨምር ነጠብጣቡም አብሮ ደመቀ። ይቀየር በበሩ ብቅ ብሎ «ጋሪ ላዘጋጅልሽ?» አለኝ።

እሑድ ምሳ እናቴ ቤት ነበርን። የአባቴ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ እንግዳ የሚለውን የምትደግምለት እናቴ ናት። የዚያን ቀን አጎቴ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ሆኖ ያወራል፣ የልጆች ጫጫታ ቤቱን ሞልቶታል። በሌላኛው ጫፍ አባቴ ጎን የተቀመጠችው እናቴ የምትደግመው ጠፋት።

«ጮክ ብለሽ ንገሪኝ እንጂ» አላት አባቴ።

«አንተዬ፣ እኔው ካልሰማሁት ብጮህ ምን ይጠቅምሃል?» አለችና ወንበሯን አንስታ ጠረጴዛው መሃል ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሰማችውን ጥርት አድርጋ ትነግረው ጀመር፤ አባቴም በአጎቴ ቀልድ ከሁላችን ጋር ሳቀ።

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ መሐንዲስ ነሽ» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ለካ ደጋሚዋን ያስቀመጥኳት ምልክቱ ካበቃለት በኋላ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ የደረሳትን ቆሻሻ በታማኝነት አጉልታ ታሳልፋለች። ያውም ለአንድ ሶኬት ስል።

ሰኞ ጠዋት ገመዱን እኩሌታው ላይ ቆርጬ ቺፗን ከነሳጥኗ እዚያ አስገባሁ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ሳብኩላት፣ ጉልበቷንም ቀነስኩ። ከብስክሌት ወድቀው እጃቸው ያበጠ አንዲት መምህርት የመንገድ ሻንጣቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ይቀየርም ጋሪውን እየገፋ መጥቷል። የራጅ ባለሙያዋ «አይንቀሳቀሱ» አለቻቸውና ቁልፉን ተጫነች።

የእጃቸው አጥንቶች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነችው ስንጥቅ እንኳ ሳትቀር። አንድም ነጠብጣብ የለም። ነርሶቹ አጨበጨቡ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል።

«እንግዲያው አልሄድም ማለት ነው?» አሉ መምህርቷ።

«የትም አይሄዱም» አልኳቸው። ሻንጣቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

ሳጥኗ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «እማዬ» ብዬ ጻፍኩ። ይቀየር ባዶ ጋሪውን ደገፍ ብሎ «ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የማይቀየር» አልኩት።