ሁዳ እሑድ ዕለት ያየችው

ዶክተር ይሄነው ሰነፍ ሰው አልነበረም። ይህን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክሩለታል። መካነ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር የእንስሳት ጤና ቡድኑን አሥራ አንድ ዓመት ሲመራ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ እሱ ነበር። የታመመች በግ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ ካየ በሽታዋን ለመናገር ጊዜ አይፈጅበትም። ታዲያ ከሥሩ ያሉት ሦስት ባለሙያዎች አንድ ነገር ሊጠይቁት ሲመጡ፣ ጥያቄያቸው ሳያልቅ መልሱን ያቀብላቸዋል። መርፌ ይዘው ቀርፈፍ ካሉበትም "አምጣው፣ አምጣው" ብሎ ከእጃቸው ይቀበልና ራሱ ይጨርሰዋል። ይህንንም እንደ ደግነት ነበር የሚቆጥረው።

ሁዳ ቡድኑን ስትቀላቀል ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የከላላ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄ የምታበዛ። ያየችውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። አንድ ቀን ገበሬዎች በተሰበሰቡበት "ዶክተር፣ ለጠቦቶቹ መድኃኒቱ አልበዛም ወይ?" ብላ ጠየቀችው።

"ልታስተምሪኝ ነው የመጣሽው?" አላት።

ገበሬዎቹ ሳቁ። ሁዳም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ይሄነው ግን ልጅቷ ሥራውን ለመደችው ብሎ ደስ አለው።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የበግ ፈንጣጣ ከወደ ለጋምቦ እየመጣ ነው ተባለ። ክትባቱ ደርሶ ፍሪጅ ውስጥ ገብቷል፤ ዘመቻው ሰኞ ሊጀመር ተቆርጧል። ዓርብ ማታ ከተማው መብራት ጠፋበት። የተመለሰው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው።

ይሄነው ጠዋት ሲገባ ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ከፍቶ እጁን ቢያስገባ ቀዝቃዛ ነው። ሁዳ ከኋላው ቆማለች።

"ዶክተር፣ እኔ ትናንት መጥቼ..."

"ትናንት እሑድ ነው። ዛሬ ሥራ ነው" አላት ሳይዞር። "ሰው እየጠበቀን ነው፤ ጫኚ።"

ሁዳ ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥኑ አስገባች። መንገዱን ሙሉ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተጓዘች። በዚያ ሳምንት ከስድስት መቶ በላይ በግ ተከተበ፤ የተከተበው እንዲለይ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ቀለም እየተቀባ ተለቀቀ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ስልኩ መጮህ ጀመረ።

ይሄነው መጀመሪያ የደረሰው እማማ ወርቂቱ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ደጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ በጎች ነበሯቸው። ከበረቱ ጥግ የተጋደሙትን አየ፤ ዓይናቸው በቁስል ተደፍኗል፣ አፍንጫቸው መግል ይዟል። ጀርባቸው ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ግን ገና አልለቀቀም።

"ተከትበው የለም እንዴ ልጄ?" አሉት ሴትዮዋ። ቁጣ የለባቸውም፤ ነገሩ ስላልገባቸው ብቻ ነው የጠየቁት። "የኔአለም አቀስታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው በእነዚህ ነበር።"

የኔአለም ልጃቸው ናት። በዚያው ክረምት ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ከአሥራ ዘጠኙ በግ የተረፈው አራት ነበር።

ይሄነው ከቢሮ ሲደርስ ሁዳን ጠራትና በሩን ዘጋ። ደብተሯን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፍሪጁ ሃያ አንድ ዲግሪ፤ ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ለዶክተር ይነገር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብሎ ጮኸ።

"ጀምሬ ነበር" አለች።

ያኔ ያፈረው ማፈር ወዲያው ንዴት ሆነበት። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ አራጌ ኮሚቴ ሰብስበው "ሳጥኑን ማን ይዞ ወጣ? ማንስ ወጋ?" ሲሉ፣ "ሁዳ ናት" አለ። ሐሰት አይደለም። ሌላውን አልጨመረበትም። በሪፖርቱ ላይ "በባለሙያዋ የአያያዝ ጉድለት" የሚል ተጻፈ፤ ይሄነው ከሥሩ ፈረመ። የሁዳ ውል ሳይታደስ ቀረ። የመጨረሻ ቀኗ ነጭ ካፖርቷን አጥባ፣ አጥፋ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አኑራ "አላህ ይጠብቅዎት ዶክተር" ብላው ወጣች።

ጥቅምት ላይ ማኅበሩ ለሥራ መሪዎች የተዘጋጀ ሥልጠና እንዲካፈል ደሴ ላከው። ኮቺንግ ይሉታል፤ መሪ ለሰው መልስ ከማደል ይልቅ ሰውየው ራሱ መልሱን እንዲያገኝ እየጠየቀ፣ እየሰማ የሚያግዝበት ሙያ ነው አሉ። ይሄነው የወሬ ሥራ ነው ብሎ ከኋላ ተቀመጠ። አሠልጣኙ ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመራቸው፦ አንዱ ሥራው ላይ የከበደውን ይናገራል፤ ሌላው ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ መጠየቅና መስማት ብቻ።

የይሄነው ጥንድ ሙሉሐረግ የምትባል ከማሻ የመጣች ርዕሰ መምህርት ነበረች። ተራው የሷ ሲሆን ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳትናገር መምከር ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ "ምክር አይደለም የተባልነው" ብላ ሳቀችበት። ተራው የሱ ሲሆን ስለ በጎቹ ነገራት። ስለ መብራቱ፣ ስለ ፍሪጁ፣ ሳትናገር ስለቀረችው ባለሙያ።

ሙሉሐረግ ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲያበቃ "ልጅቷ ያን ጠዋት ምን ልትልህ ነበር?" አለችው።

"ክትባቱ ተበላሽቷል ልትል።"

"እሱን አሁን ነው ያወቅከው። ያኔ 'ትናንት መጥቼ' ስትልህ አንተ ምን መሰለህ?"

ይሄነው አሰበ። ምንም አልመሰለውም ነበር። ልጅቷ የምታውቀው እሱ የማያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም።

ከደሴ እንደተመለሰ በሳምንቱ ከላላ ሄደ። የሁዳ አባት ጋሽ ሙሐመድአሚን ከደጃቸው አጥር ሲጠግኑ አገኛቸው። ማን እንደሆነ ሲነግራቸው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

"ሁዳ የለችም። ሪያድ ከሄደች ሁለት ወሯ" አሉት። "ሰው ቤት ገብታለች።"

"ሰው ቤት?"

"ሌላ ቦታ ሥራ ጠይቃ ነበር። ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ወረቀት አምጪ አሏት። ወረቀቱን አይተው መለሷት።"

"ያ ወረቀት ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ሊያባርሩት ይችሉ ነበር። "አብሽር፣ ተቀመጥ" አሉትና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት።

"ዶክተር? በደህና ነው?" አለች ሁዳ። ድምፅዋ ደክሟል።

"ሁዳ፣ ይቅር በይኝ። ያን ሰኞ ልትነግሪኝ የጀመርሽውን ንገሪኝ። አላቋርጥሽም።"

"አሁን ምን ያደርግልዎታል?"

"እባክሽ።"

ነገረችው። እሑድ ልብሷን አጥባ ስትጨርስ ክትባቱ ትዝ እንዳላት፣ ቁልፍ ከዘበኛው ለምና እንደገባች፣ ቴርሞሜትሩን ሁለቴ እንዳየች፣ በረዶ ፍለጋ ሆቴሎቹን ሁሉ እንደዞረች፣ መብራት ስለሌለ የትም እንዳጣች። ሁሉም ተነግሮ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

"ደግሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር" አለች መጨረሻ ላይ። "ፈራሁ። ሰው ፊት ይስቁብኛል አልኩ።" ከወዲያ የሴት ጩኸት ተሰማ። "እመቤቲቱ እየጠራችኝ ነው" አለች፤ ስልኩ ተዘጋ።

ይሄነው መካነ ሰላም ተመልሶ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ለአቶ አራጌ ሰጣቸው። "ያለፈውን ነገር ምን ያስቆፍርሃል?" አሉት። አልተወም፤ ሪፖርቱ ተስተካከለ፤ በስሙም ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። አዲሱን ወረቀት ለሁዳ አባት አደረሰ። እሷ ግን የሁለት ዓመት ውል ገብታለች።

ቡድኑንም ሰብስቦ እንደ በፊቱ ማዘዙን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። "ያሲን፣ አንተ ብትሆን ከየት ትጀምራለህ?" ያሲን ደግሞ መሬት መሬቱን እያየ "እርስዎ እንዳሉ" ይላል። ሌላዋ ባለሙያ አልታዬም እንደዚያው። በየሰኞው ጠየቀ፣ በየሰኞው ጠበቀ። ዝምታውን የሠራው እሱ ነውና ማን ላይ ይቆጣል? ጥር ላይ ነው አልታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ "ዶክተር፣ እኔ ግን አይመስለኝም" ያለችው። እጁን ሊያወናጭፍ ቃጥቶት ኪሱ ከተተና "ንገሪኝ" አላት። እየተንተባተበች ተናገረች። ትክክል ነበረች።

በዚያው ወር ወደ እማማ ወርቂቱ ወጣ። በጎቹን የገደለው የሁዳ እጅ ሳይሆን የሱ አለመስማት መሆኑን፣ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አስረዳቸው። የኔአለም በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

እማማ ወርቂቱ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያቺ ልጅ በጎቼን ስትወጋ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉ። "እኔ ብርድ መስሎኝ ጋቢዬን ደረብኩላት።"