ሲነጋ ቀን የሚለውጥ ሰዓት

ሰዓቴ እንደተነካካ ያወቅሁት ቀኑን በመግሪብ ሲለውጥ ነው።

ሱቄ ዱባይ ተራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የልጆች ጫማ ከቻይና፣ ከጓንዡ እያስመጣሁ አከፋፍላለሁ። ያን ዕለት የማታው አዛን ሲጠራ መዝጊያውን ላወርድ እጄን ዘረጋሁና ዓይኔ ሰዓቴ ላይ አረፈ። በትንሿ መስኮት ውስጥ አሥራ አራት የነበረው ቁጥር ዓይኔ እያየ አሥራ አምስት ሆነ። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ሰው ቢያየኝ ሌባ የያዝኩ ይመስለው ነበር። ደግሞም ይዣለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሰዓቴን ላስተዋውቃችሁ። ስዊስ ሠራሽ፣ ለባሕር ጠላቂ የተሠራ ከባድ የብረት ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ እስከ ሦስት መቶ ሜትር ድረስ ውኃ አይገባውም ብለው ጽፈውበታል። "መርካቶ ምን ባሕር አለና?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ጉልበት ደርሶ፣ ካርቶን በራሳቸው ተሸክመው ምናለሽ ተራን ተሻግረው አያውቁም ማለት ነው። እኔ ተሻግሬያለሁ። ሰዓቴም አብሮኝ ተሻግሯል።

የሁለት አገር ሰዓት ይቆጥራል። አጭሩ ቆጣሪ የሀበሻ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ላይ ያርፋል እንጂ ዘጠኝ ላይ አይደለም። የገዛ አገሬን ሰዓት ገልብጬ አላነብም። በቀን አንዴ ብቻ የሚዞረው ቀዩ ቆጣሪ ደግሞ ጓንዡን ይጠብቅልኛል። ዙሪያው ላይ የነበረውን የጠላቂ ቀለበት አስወልቄ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ቀለበት አስገጠምኩበት። ቀዩ ነጩ ላይ ከሆነ እደውላለሁ፤ ጥቁሩ ላይ ከሆነ ቻይናዋ ደንበኛዬ ተኝታለችና አልደውልም። ማሰሪያውንም ለእጄ እንዲሆን አሳጠርኩት። እዚያው ጓንዡ ቀለበቱን የገጠመልኝ ሰውዬ፣ የሀበሻ ሰዓት ስሞላበት ሲያየኝ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ይሳቅ!

ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት። አጭሩ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ነው ቁጥሩ የሚዞረው። አሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ሁለት ነው፤ የንጋትና የማታ። እኔ የንጋቱን መረጥኩ። ፈረንጅ ቀኑ በእንቅልፉ መሀል ይለወጥበታል፤ የእኔ ግን እንደ አገሬ ሲነጋ ነው የሚለወጠው። ታዲያ ያን ዕለት በማታው አሥራ ሁለት ተለወጠ። እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው መሙያውን ስቦ ቆጣሪዎቹን ካዞረ በኋላ፣ ሁሉንም እንደነበረ ልመልስ ብሎ የትኛው አሥራ ሁለት እንደሆነ ሲጠፋበት ነው።

ሰዓቴ ከእጄ የወጣው ደግሞ ያን ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት እጮኛዬ ጁነዲን ሱቅ መጥቶ፣ "እስኪ አንድ ቀን ልሰረው፤ ከባድ ሰዓት ልልመድ" አለኝ። በእኛ ዘንድ በሠርግ ቀን የሙሽራዋ ወገን ለሙሽራው ሰዓት ያስርለታል። የምገዛለትን እያሰበ ነው ብዬ ሳቅሁና ፈትቼ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ አመጣልኝ። ሲያስርልኝ ዓይኔን አላየኝም። ያፈረ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

ደወልኩለት። አንድ ሕንፃ ነው የሚለየን፤ የአጎቱ የጨርቅ መደብር ውስጥ ነው የሚሠራው። እየሮጠ መጣ።

"ሰዓቴን ማን ከፈተው?" አልኩት።

"በምን አወቅሽ?"

"ማን ከፈተው ነው ያልኩህ!"

"አጎቴ ነው፣ ሱሃ። ፎርጅድ ከሆነ በሠርጉ ቀን በሰው ፊት እንዳንዋረድ ብሎ ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዶ አስከፈተው።" ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ የምሥራች የሚነግረኝ መሰለው። "ኦርጅናል ነው አሉ እኮ! ውስጡ ሁሉ ንጹህ ነው አሉ!"

ደሜ ፈላ። ሳላውቅ ልብሴን አስወልቀው ሲያበቁ "ጤነኛ ነሽ" ያሉኝ ያህል ተሰማኝ። "ውጣልኝ" አልኩት። ወጣ። ጫማዎቹ መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

አጎቱ ጋሼ ሀምዳን ናቸው። አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ ጁነዲን ለእሳቸው እንቢ ማለት አያውቅም። ትልቅ አስመጪ ናቸው፤ እጃቸው ላይ እንደ እኔው ያለ ሰዓት አለ። ልዩነቱ የእሳቸው አልተነካም። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አስመጪዎቹ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። ሰዓታቸውን እያወለቁ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና የማን ይከብዳል፣ የማን ያበራል፣ የማን መስታወት አይጫርም እያሉ ያወዳድራሉ። ጋሼ ሀምዳን የራሳቸውን አውልቀው አያውቁም፤ እጃቸው ላይ እንዳለ ነው የሚያሳዩት። አንድ ጁምዓ ላይ በዚያ ሳልፍ ጠርተው እጄን አዩና፣ "ልጄ፣ ይህን ሰዓት ገደልሽው። የእኔን እዪው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው" አሉኝ በሰው ፊት። "የእኔ ይሠራል፣ ጋሼ" ብያቸው አለፍኩ። ያን ቀን የያዙብኝን ቂም ያወቅሁት ኋላ ነው።

ይህን ሰዓት ለጌጥ አልገዛሁትም። መጀመሪያ ጓንዡ የሄድኩ ጊዜ የመመለሻ ቲኬቴን በሀበሻ ሰዓት አነበብኩት። "ሁለት ሰዓት ተኩል" ይላል፤ እኔም ቁርሴን በልቼ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረስኩ። አውሮፕላኑ በሌሊት ሄዷል። መርካቶ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። "ጠላ ቤት እንደሚኬድ ቻይና ሄዳ!" ብለው የሳቁብኝን እስከዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ትርፌን ይዤ ሰዓቱን ገዛሁ፤ ሁለቱንም አገር እንደ እኔ አድርጌ ሞላሁበት። ከዚያ ወዲህ አንድም አውሮፕላን አላመለጠኝም። የሳቁትም ስንት ሰዓት መደወል እንዳለባቸው እኔን ነው የሚጠይቁት። ይህን ሰዓት ስጪ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ተመልሰሽ መሳቂያ ሁኚ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ነገር ሊቆርጡ ቤታችን መጡ። ጋሼ ሀምዳን መሀል ተቀመጡ፤ ጁነዲን አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ። ልጅቷ በዚህ ጊዜ ጓዳ ናት፤ ደንቡ ነው። እኔም ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው እሰማለሁ። ቀኑ ተቆረጠ፣ የእንግዳው ነገር አለቀ። ከዚያ ጋሼ ሀምዳን ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ሐምዱ፣ የሰዓቱን ነገር አንተ አትቸገር" አሉት አባቴን። "ልጅቷ የምታስረው አለ። አስፈትሼዋለሁ፣ ኦርጅናል ነው። ያን የተበላሸ ቀለበቱን እኛ እናስመልሰዋለን፣ ማሰሪያውን እናስረዝመዋለን፤ በሠርጉ ቀን ለጁነዲን ትሰርለት። ለእሷ እኔ ትንሽ የወርቅ ሰዓት አመጣላታለሁ፣ ሴት ሴት የሚሸት። የቤታችን ሙሽራ የወንድ ሰዓት አስራ ተራ ለተራ ስትዞር ደስ አይልም።"

አባቴ ሰው ማስቀየም የማይችል ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ "ሰዓቱ የእሷ ነው። እሷን መጠየቅ ነው" አለ።

"ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ምን ትጠየቃለች?" አሉ ጋሼ ሀምዳን።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

ሁሉም ቀና አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማሁ። ወደ መሀል ሄጄ ሰዓቴን ፈታሁና ከለውዙ ሳህን አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ ሀምዳን" አልኩ፣ "ሳልፈቅድ ሰዓቴን አስከፍተዋል። ያስከፈቱት ሰው ቆጣሪውን ሲመልስ ስለተሳሳተ ቀኔ በመግሪብ ተለወጠ። በዚያ ነው ያወቅሁት።"

ጋሼ ሀምዳን ሳቁ። "ቀንማ በዲናችን በመግሪብ ነው የሚለወጠው! እንዲያውም አስተካከልንልሽ!" ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ። አባቴ እንኳ ፈገግ አለ።

"ለረመዳን ጨረቃዋን አያለሁ፣ ጋሼ። ሱቄን የምከፍተው ግን ሲነጋ ነው።" ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። "እሺ፣ የእኔ ተከፍቶ ታየ፤ ኦርጅናል ነው ተባለ። የእርስዎም ያው ነው። እስኪ ያውልቁና ከጎኑ ያስቀምጡት። ያው ሰዓት ሠሪ ይጠራና እዚሁ ይክፈተው። ሁለቱን እናወዳድራለን፣ እንደ ጁምዓው።"

"የእኔ ሰዓት ምን ሆኖ ነው የሚከፈተው?"

"የእኔስ ምን ሆኖ ነበር?"

የሁሉም ዓይን የጋሼ ሀምዳን እጅ ላይ ወረደ። እሳቸውም የኮታቸውን እጅጌ ያዙና ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡት፤ ሰዓቱ ጠፋ። ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ እስከዛሬ አላውቅም። ለማወቅም አልጓጓሁም።

"ጁነዲን፣ ተነስ እንሂድ!" አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። "ይህች ልጅ ትዳር አትፈልግም!"

"እፈልጋለሁ" አልኩ። "ጁነዲንን እወደዋለሁ። በአባቴ ፊት ነው የምለው። ሰዓቴን ግን አልሰጥም፣ ቀለበቱንም አልመልስም፣ የወርቁንም አልፈልግም። ሠርጉ በዚህ የሚቀር ከሆነ ይቅር።"

ይቀራል ብዬ ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ። ዓይኔን ግን ከጁነዲን ላይ አላነሳሁም። ተነሳ። ከአጎቱ ኋላ ሊወጣ ነው አልኩ በልቤ። እሱ ግን ቆሞ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበው። እጁ ላይ ያለችው ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚያስራት የላስቲክ ሰዓት ናት፤ መስታወቷ ተጭሮ ተጭሮ ደብዝዟል። አጎቱ ስንቴ ጣላት ብለውታል።

"አጎቴ" አለ፣ "እኔ ሰዓት አለኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሳልጠይቅሽ አሳልፌ ሰጠሁ። ለሱ እንቢ ማለት ከብዶኝ ነው። አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ" አለ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት። ጋሼ ሀምዳን ተነስተው ወጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው፤ የቀሩት ለውዛቸውን መብላት ቀጠሉ።

ሰዓቴን አነሳሁ። ወዲያውኑ፣ እዚያው ፊታቸው፣ መሙያውን ፈትቼ ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር አዞርኩት፤ ከማታው አሥራ ሁለት ወደ ንጋቱ መለስኩት፣ ቀኑንም አስተካከልኩ። ማንም አላገዘኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። "አውፍ ብያለሁ አልልህም ገና" አልኩት ጁነዲንን። "ነገ ሲነጋ ና፤ ያበላሸኸውን ታየዋለህ።"

መጣ። ጨለማው ሳይገፈፍ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ። አባቴ በሩን ከፈተለት፤ እኔና እሱ ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከአትክልት ተራ የሚመለሱ ጋሪዎች በበሩ ያልፋሉ። ትንሿን መስኮት እያየን ጠበቅን። ሰማዩ ሲገለጥ ቁጥሩ ዞረ። "ሱብሃነላህ" አለ ጁነዲን እንደ ልጅ። እኔም ያኔ አውፍ አልኩት።

ጋሼ ሀምዳን ለሁለት ሳምንት አኮረፉ። በመጨረሻ ሰው ምን ይላል ብለው ሠርጉ ላይ ተገኙ። በደንቡ መሠረት ለሙሽራው ሰዓት የሚታሰርበት ጊዜ ሲደርስ፣ የጁነዲንን የላስቲክ ሰዓት ከእጁ ፈታሁና በሀበሻ ሰዓት ሞልቼ እዚያው መልሼ አሰርኩለት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የራሴን ሂናዬ ላይ አስሬዋለሁ።

ፎቶ አንሺው ሲደረድረን፣ "ሙሽሪት፣ ያቺን እጅሽን ከአበባው ሥር ደብቂያት፣ ሰዓቱ ፎቶውን ያበላሸዋል" አለኝ። እጄን አውጥቼ ከአበባው በላይ አደረግሁት። ፎቶው አሁን ሱቄ ውስጥ ከገንዘብ ተቀባይዋ ራስጌ ተሰቅሏል፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል። የእኔ ሰዓት ከመሀል ያበራል፣ ቀዩ ቆጣሪ ሳይቀር ይታያል። ጋሼ ሀምዳን ከኋላችን ቆመዋል፤ የኮታቸው እጅጌ እስከ ጣታቸው ድረስ ወርዷል።