አንኳኩቶ የሚገዛ አገር

አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ። ወረዳችን አሻራ የሚያነብ ማሽን ያስመጣ ጊዜ፣ እኛ ሸክላ ሠሪዎች አፈር የምንቆፍርበትን ቦታ በስማችን ልናስመዘግብ ሄድን። ዐሥሩንም ጣቴን በየተራ ባስቀምጥ ማሽኑ ቀይ እያበራ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጭቃ ያለሰለሰ ጣት ምን አሻራ ይተርፈዋል? መዝጋቢዋ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እናቴ፣ ማሽኑ አላወቀዎትም፤ ሌላ ቀን ይምጡ» አለችኝ። በሆዴ የቀረችውም ይህች «አላወቀዎትም» የምትለው ቃል ናት። ስንት ሌላ ቀን ሄድኩ! አለቃዋ አቶ ምትኩም «ቴክኖሎጂ አይሳሳትም» ብሎ ይሸኘኛል። ዘንድሮ ደግሞ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፣ ያልተመዘገበ ከዚያ ወዲያ አይቆፍርም ተባለ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሸክላዎቼን በጭድና በኩበት ከድኜ እሳት ለኮስኩና፣ ያለ አፈር ምን ሠርቼ ልበላ ነው እያልኩ ስብሰለሰል፣ እዚያው ከፍሙ አጠገብ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ አክስቴ ድንቄ መጣች፤ ሙያውን ያስተማረችኝ፣ ከሞተች ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት። እጇ ጭቃ እንደሆነ ነው።

«ተነሽ አንቺ! እሳት ለኩሶ መተኛት ማን አስተማረሽ?» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ።

የወሰደችኝ አገር መብራቱ የማይጠፋ፣ ውሃው በየደጁ የሚፈስ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ቁጭ ብሎ የሚሰማ አገር ነው። ማሽን ከእኛ ይልቅ እዚያ ሞልቷል። ከገበያው መሐል አንድ አዲስ ማሽን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከረባት ያሰረ ሹም ቆሟል፤ ዓይነ ስውሩ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ድንጋይ ፈላጩ ዙሪያውን ከበው ይነካኩታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት።

«እያንኳኩ ነዋ! አንቺ እንስራ ስትገዢ ድምፁን ሳትሰሚ ትገዣለሽ? እዚህ ማሽንም ሆነ አዋጅ ሳይንኳኳ አይገባም። መጀመሪያም የሚያንኳኳው ነገሩ በጣም የሚከብደው ሰው ነው። አንዱን እምቢ ካለ ማሽኑ ወደቀ ይባላል እንጂ ሰውዬው ወደቀ አይባልም።»

«ሹሙስ አይቆጣም?»

«ይቆጣል እንጂ! ሥጋ የተነጠቀ ድመት መስሎ የለም እንዴ? ግን ይጠብቃል።»

«ታዲያ እዚህ ስሕተት የለም በይኛ።»

«ሞልቷል። የተሰነጠቀውን ግን በሰም ደፍነው አይሸጡም» አለችና ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺስ?»

አምና ለጎረቤቴ ለጠጂቱ ስንጥቁን በሰም የደፈንኩትን እንስራ ሸጬላት ነበር።

«ያን ማሽን ያመጣብሽ ሰው ካንቺ በምን ይለያል? እሱም ገበያው ሳይፈታ ለማራገፍ ቸኩሎ ነው።»

አፈርኩ። ቢሆንም ያንን አገር ዓይኔ አልጠግብ አለው። «አክስቴ፣ እዚሁ ልቅር» ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ።

«ይህ አገር ገና አልተሠራም ልጄ። ባልተሠራ ቤት ውስጥ የት ልትተኚ?»

ጧ! ከእሳቱ ውስጥ አንድ ሸክላ ፈነዳና ባነንኩ።

ጠዋት ከሸክላዎቼ ደህናውን እንስራ ተሸክሜ ጠጂቱ ዘንድ ሄድኩ። «ያኛው ያፈስ ነበር፤ አውቄ ነው የሸጥኩልሽ» አልኳት።

«እኔም አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ፤ ጤና አዳም ተክዬበታለሁ» ብላ ሳቀች። ሕልሜን ብነግራት ነጠላዋን አነሣችና ተከተለችኝ። በመንገድ ላይ ማሽኑ እምቢ ያላቸውን ሌሎች ሴቶች ጠራን፤ የወረዳው መመዝገቢያ አዳራሽ ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሆነናል።

ሕዝብ እያየ ጣቴን አስቀመጥኩ። ቀይ በራ።

«ማሽናችሁ ወድቋል» አልኩ።

አቶ ምትኩ ሳቀብኝ። «ወይዘሮ ተዋበች፣ አራት ዓመት ሙሉ አሰለቹን እኮ! ሌላ ቀን ይምጡ።»

«ስሜን ማን ነገረህ?» አልኩት።

ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ይኸው አንተ አወቅኸኝ። ያወቅኸውን ጻፈው!» ብዬ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ዐሥሩም ሴቶች ከኋላዬ ተቀመጡ። አቶ ምትኩ ሕዝቡን አየ፤ ሕዝቡም እሱን። መጨረሻ ላይ መዝጋቢዋ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝና፣ ከመሳቢያዋ እስክሪብቶ አወጣች።

ያንን አገር ዛሬም እናፍቀዋለሁ። ሸክላዬን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ አንኳኳ እለዋለሁ፤ እሱ ድምፁን ሲያዳምጥ፣ እኔ ያየሁትን እነግረዋለሁ።