የተለመዱት ምስክሮች

የዎበ ኮምፒውተር ቁጥሩ ብቸኛ ነው አለ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። በመቆጣጠሪያው ክፍል አብራው የምትሠራው የቺትስከ ኮምፒውተር ደግሞ ብቸኛ አይደለም አለ። ቁጥሩ ግን ያው አንድ ነው፤ ተጽፎ ገጽ ሊሞላ ምንም የማይቀረው፣ በፍሪስላንድ የባሕር ግድብ ላይ ላሉት የውሃ በሮች የሚላከውን ትእዛዝ የሚቆልፍ ቁጥር።

"ኮምፒውተርሽን ብርድ መትቶታል" አለ ዎበ፣ ጨዋማውን ጥቁር ከረሜላ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዘዋወረ። "የኔው አሥራ ሁለት ምስክር ጠይቆ አንዱም አልካደም።"

"እነማንን?"

"የተለመዱትን ነዋ! ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ እያለ እስከ ሠላሳ ሰባት።"

የዚህን ቁጥር አካፋይ አንድ በአንድ ልፈልግ ያለ ሰው ዕድሜው አይበቃውም። ስለዚህ ሌሎች ቁጥሮችን እየጠሩ በእያንዳንዳቸው አጭር ስሌት ይሠራሉ፤ የሙያው ሰዎች ምስክር ይሏቸዋል። "ብቸኛ አይደለም" ያለ ምስክር አይዋሽም። "ነው" ያለው ግን ሊያታልል ይችላል።

"እኔ ምስክሮቼን በዕጣ ነው ያወጣሁት" አለች ቺትስከ። "አብዛኞቹ አይደለም አሉ።"

"እና የኔዎቹ ዋሹ?"

"ሁሉም። ያንተዎቹ አሥራ ሁለቱ፣ አንድም ሳይቀር። ይሄ አጋጣሚ ይመስልሃል? ዎበ፣ ቁጥሩን ሆን ብሎ የሠራው ሰው አለ። ሁልጊዜ እነማንን እንደምንጠራ ያውቃል፤ ለነሱ ብቸኛ እንዲመስል አድርጎ ነው የሠራው። አካፋዮቹንም ያውቃቸዋል ማለት ነው።"

ከረሜላው ጉንጩ ውስጥ ቆመ። አካፋዮቹን የሚያውቅ ሰው ቁልፉ በእጁ ነው። ቁጥሩ ከበሮቹ መቆጣጠሪያ ጋር አብሮ የመጣ ነበር፤ ፈተሹት፣ አለፈ፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

"ጠዋት ሰሜናዊውን በር ስንዝር ከፍተሽ መልሰሽ የዘጋሽው" አለ ዎበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሙከራ ነበር አይደል?"

ቺትስከ ቀና ብላ አየችው። "እኔ እኮ አንተ መስለኸኝ።"

መስኮቱ በነፋሱ ይንቀጠቀጣል። የአየር ትንበያው ማዕበሉ ማምሻውን ከባሕሩ ሙላት ጋር እንደሚገጥም ተናግሯል። ከሰሜናዊው በር ጀርባ፣ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ብሎ፣ የቺትስከ እናት የምትኖርበት መንደር አለ።

"አለቆቹ ጋ እንደውል" አለ ዎበ።

"ደውል። እነሱ ተሰብስበው እስኪመክሩ ያ ሰው ይጠብቀናል?"

"ከበሩ ጋር የሚያገናኘንን መስመር ከቆረጥን እኛም ከዚህ ልናዘው አንችልም፤ የሚቀረው በእጅ መዘወር ነው። ማዕበሉ ግድቡን መዝለል ከጀመረ ደግሞ እዚያ ያለን ሰው የሚያወጣው የለም። ገባሽ የምልሽ?"

የበሮቹን ሁኔታ በሚያሳየው የመስታወት ሰሌዳ ላይ የሰሜናዊው በር ምልክት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ በሩ መከፈት ጀመረ። የሁለቱም እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም ምንም አልነካም።

ቺትስከ የዝናብ ካፖርቷን ከማንጠልጠያው አወረደች።

"መስመሩን ቁረጠው ዎበ" አለች። "በሩን እኔ ሄጄ በእጄ እዘጋዋለሁ፤ ማዕበሉ እስኪያልፍም ከሱ አልለይም።"