እጅህን ዘርጋ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ሰይድ ሞጣ ካለው የጨርቅ ሱቁ ተቀምጦ በዚህ ተረት ስንቱን ደንበኛ ሲመክርበት ኖሯል፤ ቀን ደረሰና በራሱ ላይ መጣ። ቃሉን የሰጠው ደግሞ ለዋዛ ሰው አይደለም። ቢቸና፣ የዕድር ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሦስት ቀናቸው ለሆነ እናት ነው።

ሟቹ ባንተአምላክ ይባላል። ቢቸና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከእናቱ ከእትዬ አምሳለች ጋር የሚኖር። እሱንና ሰይድን ያገናኛቸው ዓሣ ነው። እውነቴን ነው፣ ዓሣ! በዚያ አገር ደመወዝ የሚበላ ሰው መንጠቆ ይዞ ቆላ ሲወርድ ያየ ሁሉ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። እነሱን ግን ምንም አልነካቸውም፤ ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነበር የሚወርዱት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አንዱ ከሞጣ፣ አንዱ ከቢቸና በሚኒባስ ተነስተው ጉንደ ወይን ይገናኛሉ። እዚያ በጤና ባለሙያነት የሚሠራው በላቸው ይጠብቃቸዋል። ሦስት ሆነው ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ ሲያጠምዱ ውለው ጀንበር ሳትጠልቅ ይወጣሉ።

ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ነው ተብሎ ገበታ ይለያል። ዓሣ ግን ቢላዋ አይባረክበትም፤ ስለዚህ ሦስቱም ከአንድ መጥበሻ ይበላሉ። አምባዛ ሲሆን ብቻ ባንተአምላክ እጁን ይሰበስባል። «ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም፣ እናቴ ትገድለኛለች!» ይላል።

«ታዲያ ለምን ታጠምደዋለህ?» ይሉታል።

«ለፎቶ ነዋ! ሥጋው ለሰይድ፣ ፎቶው ለእኔ» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ደግሞ አይጣል ነው፤ ማዶ ያለው ገደል ይመልስለታል።

ፎቶ አንሺው ሰይድ ነው። አንድ ጊዜ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ያገለገለ ካኖን ካሜራ ይዞ መጣና፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም። ሌንሱ ቅርቡን ቁልጭ አድርጎ የራቀውን የሚያደበዝዝ ዓይነት ነው። የዓሣው ዓይን፣ ጢሙ፣ ከሆዱ የሚንጠባጠበው ውኃ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላው ያለው ግን ጉም ይሆናል። የማጥመድ ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ቴሌግራም ላይ ይህን ጉም ሲያዩ «ብለሩን ተመልከቱልኝ!» እያሉ ያብዱለታል። ሰይድ አንድ ዘዴም ያውቃል። ዓሣ የያዘው ሰው ሁለት እጁን ወደ ካሜራው ሲዘረጋ ዓሣው ከመጠኑ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በወረዱ ቁጥር ወንዙ ዳር የሚሰማው የእሱ ጩኸት ነው። «ዘርጋ! እጅህን ዘርጋ እንጂ፣ ቆጥበህ ለማን ልትተው ነው!» ባንተአምላክም እየሳቀ ይዘረጋል።

እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ ባንተአምላክ ታመመ። አንድ ሳምንት አተኮሰው፣ አልጋ ያዘ፣ በስምንተኛው ቀን አረፈ። ያን ሰሞን ኔትወርክ የለም፤ ሰይድ የሰማው ከሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ያውም ከተቀበረ በኋላ። «ኢና ሊላሂ» አለና ሱቁን ለሚስቱ ለዘይዳ ጥሎ በሣልስቱ ቢቸና ደረሰ።

እትዬ አምሳለች ድንኳኑ ውስጥ የልጃቸውን ፎቶ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሌላ ፎቶ ስላልተገኘ ከመታወቂያው ላይ ተወስዶ በትልቁ የታጠበ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ዓይኑን አፍጥጦ አፉን ገጥሟል፤ ፖሊስ የያዘው ይመስላል።

«ይሄ ልጄ ነው?» አሉ ሰይድን ሲያዩት። «በሥላሴ ንገረኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖ አይተኸው ታውቃለህ? ሳይስቅ የዋለበት ቀን የለም እኮ! አሁን ዓይኔን ስጨፍን ይሄ ፍጥጥ ያለው ነው የሚመጣብኝ። ሳቁ ጠፋኝ ሰይድ። ገና በሦስት ቀኑ ጠፋኝ።»

ሰይድ እንባው መጣ። ወለምታውም ያኔ ነው። «እማማ፣ በዚህስ አይጨነቁ። እኔ ጋ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ አለው። ሁሉም ላይ እየሳቀ ነው። ለአርባው አሳጥቤ አመጣልዎታለሁ፣ ወላሂ!»

ሴትዮዋ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጦ በሁለት እጁ ያዛቸው። እሳቸው ግን ያን የመታወቂያ ፎቶ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤት አቀበሉ። «ውሰጅልኝ፣ ዳግመኛ እንዳላየው። ልጄ በአርባው ይመጣል» አሏት።

ሰይድ ሞጣ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የባንተአምላክን ለብቻ ለይቶ ቆጠረ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን አየ። አምባዛው ጢሙ ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፣ ከኋላው ጉም፣ ጉሙ ውስጥ ጠየም ያለ ክብ ነገር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ዓሣው ፊቱን ሸፍኖታል። አምሳ አየ፣ መቶ አየ፣ ሁለት መቶ አየ፤ ያው ነው። ዓሣ የሌለበት ፎቶ ድሮ ነበር፤ ባንተአምላክ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ባንተአምላክ ሻይ ሲያፈላ፣ ባንተአምላክ ዓሣው አምልጦት በሳቅ ሲፈርስ። እነዚያን «ባዶ እጅ ምን ያደርግልኛል፣ ቦታ ይይዛል» እያለ ራሱ ሰይድ በየጊዜው ሲያጠፋቸው ኖሯል።

ዘይዳ መጥታ ከኋላው ቆመች። «የታለ ባንተአምላክ?»

«ይኸው።»

«ይሄማ ዓሣ ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ ያንተ ካሜራ ሰው አይወድም ብዬ!» አለችና ዞር ብሎ ሲያያት ምላሷን ነከሰች። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለ ሰይድ። «ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲስቅ እኔ የማየው ዓሣውን ነበር። ዘይዳ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል የአገሩ ሰው። የእትዬ አምሳለች የወለዱት ጠፍቷል፤ ሰይድ ደግሞ የተናገረውን ሊያጠፋባቸው ነው። በላቸውን ጠየቀ፤ በላቸው ስልክ ላይ ያለውም ሰይድ ራሱ የላከለት ያው ዓሣ ነው። አርባው እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ ወዳጁ ኸይረዲን ፎቶ ቤት ሄደ።

«የደበዘዘ ነገር አይጠራም ወንድሜ» አለው ኸይረዲን። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ግን፣ «እርግጥ አሁን ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል» አለ።

ነካ ነካ አደረገው። ጉሙ ተገፈፈና ፊት ወጣ፤ የሚስቅ ፊት። ቆዳው ልስልስ፣ ጥርሱ በረዶ። ሰይድ ወደፊት ቀረብ፣ ወደኋላ ሸሸት እያለ አየው። ይመስላል ሲል ይመስላል፣ አይመስልም ሲል አይመስልም።

«እሱ ነው?» አለ ኸይረዲን።

«መሰለኝ» አለ ሰይድ። አሳጠበው፣ ፍሬም አስገባው። ልቡ ግን አላመነውም፤ ከእውነተኞቹ አንዱን፣ ትልቁን አምባዛ የያዘበትን፣ በተመሳሳይ መጠን አሳጥቦ ከረጢቱ ሥር ሸጎጠ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቢቸና ገባ። ጓሮው ለነገው ተዝካር በሚሠሩ ሴቶች ተሞልቷል። እትዬ አምሳለች ሲያዩት ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ ከደጅ ቆመው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በቀሚሳቸው አደረቁ። ፎቶ ለመያዝ ነው እንዲህ የሚታጠቡት። ሰይድ ይህን ሲያይ ያኔውኑ ተነስቶ ሊሮጥ ቃጣው፤ ግን ፍሬሙን አውጥቶ ሰጣቸው።

እትዬ አምሳለች አዩት። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይሄ ልጅ ማን ነው?» አሉ።

«ባንተአምላክ ነው እማማ።»

«የልጄ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ነው። በሰባት ዓመቱ ከካብ ላይ ወድቆ ነው የተሸረፈችው። ሲስቅ ቀድማ የምትታየው እሷ አይደለችም እንዴ? አታውቃትም?»

ሰይድ አያውቃትም። ከዚያ ሁሉ ሳቅ አንዲት ሸራፋ ጥርስ አላየም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራቸው፤ ሌንሱን፣ ጉሙን፣ ያጠፋቸውን ፎቶዎች፣ ኮምፒውተሩ የሠራውን ፊት። «ይራገሙኝ እማማ። መጀመሪያ ቃል ስገባ አልዋሸሁም፣ አለ ብዬ ነው። በኋላ ግን ዋሸሁ። ዓሣ ዓሣውን ስል ሰውየው አመለጠኝ።»

«እውነተኛውን አምጣ» አሉ እትዬ አምሳለች።

አወጣላቸው። አምባዛው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል።

«ልጄን አምጣ አልኩህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዓሣ አመጣህልኝ።»

በጥፊ ቢመቱት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፋ። እትዬ አምሳለች ፎቶውን አልመለሱለትም። ጭናቸው ላይ እንዳደረጉት ቆዩና የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ዓሣውን ሸፈኑት።

የቀረው ሁለት እጅ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ከዓሣው እኩል ወደፊት የተዘረጉ ስለሆኑ ጥርት ብለው ወጥተዋል። የጥፍሩ ሥር ጭቃ ይታያል። የቀኙ ጣቶች ላይ ሳይታጠብ የቀረ የጠመኔ ነጭ አለ። የግራው አውራ ጣት ላይ ከጥፍሩ እስከ መዳፉ የወረደ ጠባሳ አለ።

«ውይ!» አሉ እትዬ አምሳለች። «ውይ ልጄን! ይቺን እኔ ነኝ ያሰርኳት። ማጭድ ቆርጦት፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ የመቀነቴን ጫፍ ቀድጄ ያሰርኳት እኔ ነኝ።» ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ከገበያ ስመለስ በር ላይ ቆሞ እንዲህ ነበር የሚዘረጋልኝ። ‹አምጪው እማ፣ ከበደሽ› እያለ። እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ።»

ሁለት መዳፋቸውን በፎቶው እጆች ላይ አኖሩና አለቀሱ። ሰይድም አብሯቸው አለቀሰ። ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ጠየቁት።

«ለማን ነው እንዲህ የዘረጋው?»

«ለእኔ ነው እማማ። ዘርጋ፣ ዘርጋ እያልኩ የምጮህበት እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉት።

በማግስቱ በአርባው እትዬ አምሳለች ያን ፎቶ ታቅፈው ተቀመጡ። ዓሣው ላይ ሰይድ ከገበያ ገዝቶ ያመጣው ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ ከጨርቁ ግራና ቀኝ ሁለት እጆች ወጥተዋል። ፊት የሌለው የሟች ፎቶ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ግን አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ ለቅሶ ሊደርሱ ጎንበስ ሲሉ የእትዬ አምሳለችን እጅ ይይዛሉ፣ አንዳንዷም የፎቶውን እጅ ነካ አድርጋ ታልፋለች። ከተማሪዎቹ አንዷ ጠመኔውን አይታ ቆማ ቀረች፤ ሰዎች ደግፈው አወጧት።

ሰይድና ከጉንደ ወይን የመጣው በላቸው ከሰዓት በኋላ ሊሰናበቱ ገቡ። እትዬ አምሳለች የሰይድን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ።

«እናትህ አለች?»

«አለች እማማ። ሞጣ፣ ከእኛው ጋር ናት።»

«እሷስ የአንተ ፎቶ አላት?»

ሰይድ ካሜራ ከገዛ ጀምሮ ሁልጊዜ ከኋላው ነው፤ አንድ ቀን ከፊቱ ቆሞ አያውቅም።

«ሂድ» አሉት። «በል ሂድ ልጄ።»

ጉንደ ወይን ሲደርሱ በላቸው ወረደ፤ ሰይድም ሾፌሩን «አንዴ ጠብቀኝ» ብሎ ተከትሎት ወረደ። ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ በላቸው አንገት ላይ አጠለቀለትና የሚጫነውን አሳየው። «አንሳኝ» አለው።

«አሁን? እዚህ? ምንም ሳትይዝ?»

«ዝም ብለህ አንሳኝ።»

ሰይድ ሄዶ የመንገዱ ዳር ካብ አጠገብ ቆመ። ከጀርባው ያ ስንት ጊዜ አብረው የወረዱት ቁልቁለት አለ። በላቸው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካሜራውን ደገነ፤ ከልማድ የተነሳ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«እጅህን ዘርጋ!»

ሁለቱም ክው አሉ። በላቸው ካሜራውን ዝቅ አደረገና ፊቱን አዞረ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሰይድ ካለበት አልተነቃነቀም፣ በላቸው ዓይኑን ጠርጎ እስኪመለስ ጠበቀው።

«እጄን ተወው በላቸው» አለው። «ፊቴን አንሳኝ። ለእናቴ ነው።»